የሱን ያለ ስኳር

ሁለቱ ብልቃጦች በሲሊንደሩ ቆብ ሥር ናቸው። ቆቡ ደግሞ በሳህሉ መዳፍ ሥር።

«ቁም!»

የበሩ ጥበቃ ነው። ሳህሉ ባዶውን የኦክስጅን ሲሊንደር በጠርዙ ማንከባለሉን አቆመ።

«የት ልትወስደው ነው?»

«ወደ መኪናው። አዲስ አበባ ሄዶ ይሞላል።»

«ቆቡ ለምን ላላ?»

ጥበቃው እጁን ወደ ቆቡ ሰደደ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ብረቱ የወጣው ከኮሮና ክፍል ነው። እጁን መልሶ ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ።

«በል ሂድ! ሂድ ብያለሁ!»

በሽታውም አንዳንዴ ለሰላይ ይጠቅማል።

ሳህሉ እውነተኛ ስሙ አይደለም። በ2013 ሚያዝያ፣ ነቀምቴ በሚገኝ አንድ የኮሮና ሕክምና ማዕከል ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ ሆኖ ከገባ ስድስት ሳምንቱ ነው። የላከው መሥሪያ ቤት «ድምቢጥ» ይለዋል። አለቃው እስክንድር፣ በምስጢር ስሙ «አጋፋሪ»፣ ትእዛዙን ባጭሩ ነበር የሰጠው። «እዚያ ስኳር ያለባቸው የኮሮና ሕሙማን ከልክ በላይ እየሞቱ ነው። ምክንያቱን አምጣ።»

ምክንያቱማ በየሰው አፍ አለ። ኮሮና ስኳር ባለበት ሰው ላይ ይበረታል። እውነት ነው። ሐኪሙም ይለዋል፣ ቀባሪውም ይለዋል። ሳህሉን እንዲጠረጥር ያደረገው ይኸው ነበር። ሁሉም የሚስማማበት ምክንያት ለሌባ ጥሩ መደበቂያ ነው።

ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ የተኙት ኦቦ ነመራ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር።

«ቢሻን ናፍ ኬኒ፤ ውሃ ስጠኝ፣ ልጄ» ይሉታል በየሰዓቱ። አንድ ሊትር ጨርሰው ሌላ ይጠይቃሉ። ትንፋሻቸው ጥልቅና ፈጣን ነው። ለሳንባቸው የሚወስዱት ዴክሳሜታዞን ስኳርን ሽቅብ የሚነዳ መድኃኒት ነው። መለኪያው ግን ጠዋት 117፣ ማታ 121፣ በማግስቱ 115 ይላል።

«ስኳርዎ ጥሩ ነው፣ ኦቦ» ትላቸዋለች ነርሷ፣ ሲስተር ኬኔ።

ጥሩ አልነበረም። ሳህሉ ያንን ጥም ያውቀዋል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ ጥም ነው።

ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እስክንድር። ከማኅደሩ ያስወጣለትም እሱ ነው፤ «ለእናቴም አልነግርም» ብሎ ምሎለታል። ስለዚህ ሳህሉ በማዕከሉ ክበብ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር እየጠጣ ጤነኛ መስሎ ኖረ። ኢንሱሊኑን ከነቀምቴ ዳር፣ ጉቶ ጊዳ በተከራያት ክፍል፣ እርጥብ አሸዋ በሞላው ገንቦ ውስጥ ይደብቃል።

ትናንት ከሥራ ሲመለስ መርፌውን ዘለለ። ማር በላ። ከዚያ ጣቱን ወግቶ በአንድ መለኪያ ሁለት ጊዜ ለካ። ከራሱ ብልቃጥ ባወጣው ስትሪፕ፣ ደም በሚነካው የመለኪያ ቁራጭ፣ 412 አለ። ከማዕከሉ በሰረቀው ብልቃጥ ስትሪፕ 117።

የማዕከሉ ስትሪፕ ሐሰተኛ ነው። ደሙ የማንም ይሁን፣ ቁጥሩ ያው ነው። ያስመጣው መሸሻ የሚባል ነጋዴ ሲሆን ሁለተኛው ጭነት ሰኞ ለጊምቢና ለደምቢ ዶሎ ሊታደል ነው።

ለኬኔ ሊነግራት ፈልጎ ተወው። ሴትዮዋ ሰሞኑን ጣቶቹን አተኩራ ታያለች። ማን ያውቃል፣ የመሸሻ ዓይን ብትሆንስ? መጀመሪያ ማስረጃው ይድረስ። ኦቦ ነመራ ግን እስከዚያ ይቆያሉ? ይህ ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛውም።

የአጋፋሪ ድምፅ በስልክ አጭር ነበር። «አኖ ላይ ሰው ይጠብቅሃል። ለሱ ስጠው።»

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለችው አኖ ሲደርሱ፣ ሳህሉ የተሳፈረበት የሲሊንደር መኪና ሹፌር ምሳ ሊበላ ወረደ። ሳህሉ ብልቃጦቹን አወጣ። መልካቸው አንድ ነው። ሐሰተኛውን በቀኝ ኪሱ፣ የራሱን በግራ ከተተ።

ከመንገዱ ዳር ባለች ሻይ ቤት፣ ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ተቀምጧል። ማስኩ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። ምልክቱ ያ ነው።

«የባኮ በቆሎ ደረሰ?» አለ ሰውየው።

«ገና እሸት ነው።»

«አበጋዝ እባላለሁ። አረፍ በል፣ መንገድ ደክሞሃል።» ወደ አስተናጋጇ ዞረ። «ሁለት ሻይ። የሱን ያለ ስኳር።»

ሳህሉ ተቀመጠ።

በዚህ አገር ለእንግዳ ያለ ስኳር ሻይ አይታዘዝም። ነውር ነው። ስኳር እንዳለበት ካላወቁ በቀር። ይህን የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ምናልባት እስክንድር ለደግ አስቦ ነግሮት ይሆናል። ሳህሉ ይህን ማመን ፈለገ፤ አጥብቆ ፈለገ። ከዚያ የአበጋዝን የሸሚዝ ኪስ አየ። ብርቱካንማ ክዳን ብቅ ብሏል። የኢንሱሊን መርፌ ክዳን ነው፤ ሳህሉ በቀን ሁለቴ የሚነቅለው ክዳን።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባው። እስክንድር ከመሸሻ ጋር ነው፤ የላከውም ማስረጃውን ቀድሞ ለማጥፋት ነው። ኢንሱሊን ከልክ በላይ የተወጋ ሰው ስኳሩ ወርዶ ይሞታል። የሚያድነው ስኳር ነው። ሻዩም ያለ ስኳር የታዘዘው ለዚህ ነው። ስኳር ያለበት የኮሮና ክፍል ሠራተኛ መንገድ ዳር ወድቆ ቢገኝ ማን ምን ይጠይቃል?

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

«ዕቃውስ?» አለ አበጋዝ።

ሳህሉ እጁን ወደ ቀኝ ኪሱ ሰደደ። ሐሰተኛውን አቀበለው።

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ማንም።»

«ጎበዝ።»

ሳህሉ ሹፌሩ እንዳይሄድበት ብሎ ተነሳ። አበጋዝም ተነሳና እቅፍ አድርጎ በትከሻ ተሰናበተው። ኮሮና ከገባ ወዲህ እንዲህ የሚሰናበት ጠፍቶ ነበር።

ጭኑን አንዳች ነገር ነከሰው።

ኢንሱሊኑ ራሱን እስኪያስተው ሃያ ደቂቃ። ቢበዛ ሠላሳ።

አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ይታያል። ወደ መኪናው የሚሄድ መስሎ በሻይ ቤቱ ጓሮ ዞረና ከአንዲት ሱቅ ግማሽ ኪሎ ስኳርና ሁለት ሚሪንዳ ገዛ። ወደ ነቀምቴ የሚመለስ ሚኒባስ ላይ ተንጠላጠለ። ስኳሩን በእፍኙ እየዛቀ መቃም ጀመረ።

«ያ ጎፍታ፣ ጌታ ሆይ!» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ። «ስኳር ዛሬ እንጀራ ሆነ እንዴ?»

«ቁርስ አልበላሁም፣ አዴ።»

ላብ አጠመቀው። ሁለት ጊዜ ዓይኑ ጨለመበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሚሪንዳውን ጨለጠ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ሲሸሸው የኖረውን ነገር አሁን አትለየኝ እያለ ይለምነው ነበር።

በማዕከሉ በር አልገባም። በልብስ ማጠቢያው በኩል፣ በአጥሩ ቀዳዳ ኬኔን ጠራት። ብልቃጡን ከግራ ኪሱ አውጥቶ አቀበላት። አሥራ አንድ ስትሪፕ ቀርቶታል።

«ኦቦ ነመራን በዚህ ለኪያቸው። አሁኑኑ። ማዕከሉ ውስጥ ያለው ሐሰተኛ ነው።»

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«የራሴ ነው።»

አልደነገጠችም። «ስኳር እንዳለብህ ካወቅኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ነርስ ነኝ እኮ፤ የተወጋ ጣት ይጠፋኛል?»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ?» ተቆጣች። «ስኳር ያለበትን ሰው እዚህ ክፍል አያሠሩም። እንጀራህን ልቁረጥ?»

ሳህሉ አፈረ። ያመነው ሸጦታል፤ የጠረጠራት ጠብቃዋለች። ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ብልቃጡን ይዛ ሮጣ ነበር።

መሄድ ነበረበት። አልሄደም። አጥሩን ተደግፎ ጠበቀ።

«አምስት መቶ ሠላሳ ስምንት!» የኬኔ ድምፅ ነው፤ ግቢውን አናወጠው። «ዶክተር ጥሩልኝ! ኢንሱሊን አምጡ! ደም ወደ ላብራቶሪ ይሂድ፣ ስኳር ያለባቸው ሁሉ እንደገና ይለኩ!»

አሁን እውነቱን ማንም ሊያፍነው አይችልም።

«ያውና! ሌባው ያውና!» ጥበቃው ነበር። አጋፋሪ ቀድሞ ደውሏል ማለት ነው።

አምልጦ የተከራያት ክፍል ሲደርስ በሩ ተገንጥሏል፣ ገንቦው ተሰብሯል። ኢንሱሊኑ በአሸዋው መሐል ተረግጦ ፈስሷል። ስትሪፕ የለ፣ መድኃኒት የለ። ከከተማው በእግሩ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሳል ጀመረው፤ ስድስት ሳምንት ኦክስጅን ሲሸከምለት የኖረው በሽታ በመጨረሻ እሱንም ያዘው።

በአንዲት ሩቅ ከተማ ክሊኒክ፣ ካርድ ስታወጣለት የነበረችው ልጅ ሌላ በሽታ እንዳለበት ጠየቀችው። ልማዱ የለም ማለት ነበር።

«ስኳር አለብኝ» አላት።

በየአራት ሰዓቱ ስኳሩን ለኩት። ያዳነው ያ ነው። የግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ፣ ድምፁም ሻክሮ ቀረ።

ሰኞ ሊታደል የነበረው ጭነት ተያዘ። መሸሻም እስክንድርም በአንድ ሳምንት ውስጥ ታሰሩ። መሥሪያ ቤቱ ማኅደሩን ሲዘጋ ሳህሉ ዕቃ ሰርቆ እንደጠፋ ሠራተኛ ተመዘገበ። ድምቢጥ የሚባል ሰው ደግሞ ኖሮ አያውቅም።

ኅዳር ላይ፣ አዲስ ስም ይዞ በነቀምቴ መናኸሪያ አለፈ። የደምቢ ዶሎው መኪና እስኪሞላ ሻይ ቤት ገባ። ወንበር የተገኘው ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ብቻ ነበር።

ኦቦ ነመራ ናቸው።

አላወቁትም። ፊቱን ያለ ማስክ አይተውት አያውቁም። ጨዋታ ወዳጅ ናቸውና ሳይጠየቁ ስለ ሕመማቸው ያወሩት ጀመር።

«ውሃ የሚያጠጣኝ አንድ ልጅ ነበረ። ሌባ ነው፣ ሰርቆ ጠፋ አሉ። ሲስተር ኬኔ ግን ስሙ ሲነሳ ታለቅሳለች። ለሌባ ይለቀሳል?»

«እንጃ፣ ኦቦ።»

እኔ ነኝ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደረሰ። ዋጠው።

አስተናጋጇ መጣች። «የኔን ያለ ስኳር» አሉ ኦቦ ነመራ። «ለሱ ደግሞ...»

«የኔንም ያለ ስኳር» አለ።

ሽማግሌው በመርፌ የተበሳሱ ጣቶቹን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ከማስኩ በላይ ያዩዋቸው የነበሩትን ዓይኖቹን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሻዩ ሲመጣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አንስተው ሰጡት።

«ጋላቶሚ፣ ልጄ» አሉት በቀስታ። አመሰግናለሁ።

ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣ። ረዳቱ ደምቢ ዶሎ ብሎ ሲጣራ ተነስቶ፣ በግራ እግሩ ትንሽ እያነከሰ፣ ከተሳፋሪው ጋር ተቀላቀለ።