ቅጂው ላይ የቀረው ትእዛዝ

ካሰች የሞተችው በአንድ መርፌ ነው።

ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ካርዷ ላይ ተመዝግቧል። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው የግል ሆስፒታል ኮምፒውተር ግን ያን ዕለት ካርዷን አልከፍት አለ። እሷ ራሷን ስታለች። ሐኪሙ ጠበቀ፣ ጠበቀና ወጋት።

ሲስተሙን ያነቀው የራሱ ቆሻሻ ነው። የተሰረዙ መዝገቦችን እየጠራረገ የሚያስወግድ ማጽጃ አለው፤ አንድ ሰው አጥፍቶታል። ማን?

ኢንስፔክተር ሰይፈሚካኤል ሆስፒታሉ ድረስ መጥቶ ከድርን ያዘ። ማሽኖቹን የሚጠብቀው ከድር ነው፤ ከሥራ አስኪያጁም ጋር በእድገት ተጣልቷል።

"ዋናው ሰርቨር ታሽጓል፤ መጠባበቂያ ቅጂውን አይተነዋል። 'መጨረሻ የጸዳበት' የሚለው ባዶ! አንድም ቀን አላጸዳህም።"

"ወላሂ ማጽጃውን አልነካሁም!"

"ታዲያ ጂኒ ነካው?"

ሮሆቦት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የከድር ባልደረባ ናት፤ ቅጂውን የዘረጋችው ባለሙያ እሷ ናት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያ ባዶ ቦታ ምንም እንደማይመሰክር ታውቃለች። ብትናገር ከድር ይፈታል፤ ጥያቄው ግን ወደ እሷ ይዞራል። ዝም ብትል የልጆች አባት ዘብጥያ ሊወርድ ነው።

በሩ አጠገብ የሟች ባል አቶ ጉልላት ቁጭ ብለዋል። ቀና ብለው በአባት ዓይን አዩዋት። ለቅሶ ቤት ከዘመድ ሁሉ በላይ ያለቀሰችው እሷ ነበረች።

ለከድር ካቴና ሲወጣ ብድግ አለች።

"ኢንስፔክተር፣ ቅጂው ሁልጊዜም ባዶ ነው። የታካሚው መረጃ ከዋናው ይገለበጣል፤ መቼ ጸዳ የሚለው አይገለበጥም። ከድር ቢያጸዳም ባያጸዳም ያው ነው።"

"ታዲያ ማጽጃው መጥፋቱ በምን ይታወቃል?"

"የማጥፊያው ትእዛዝ ይገለበጣል። የካርዶቹን ሠንጠረዥ ቅንብር እዩት፤ 'አታጽዳ' ይላል።"

ከኢንስፔክተሩ ጋር የመጣው የፖሊስ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ነካካና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ትእዛዙ አለ።

"የእኔ ሰዎች ያላገኙትን አንቺ ሳታዪው እንዴት አወቅሽ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"የጻፍኩት እኔ ነኛ።"

ከድር ወደ እሷ ዞረ።

"በፍቼ ጫምባላላ በዓል ሰሞን የታካሚው ሰልፍ በዛ" አለች። "ማጽጃው ሲሠራ ስክሪኑ ይንቀራፈፋል፤ ሰዉ ይሰድበናል። ለአንድ ቀን ብዬ አጠፋሁት፤ መመለሱን ረሳሁት። ካሰች ስትሞት ትዝ አለኝ። ከድር ሲጠይቀኝ ግን አልነካሁም አልኩት። ፈራሁ!"

አቶ ጉልላት ከመቀመጫቸው ተነሡ። ይመቱኛል ብላ ጠበቀች። እጃቸውን እንኳ አላነሡም።

"ልጄ፣ እኔ እኮ አንቺን ሳጽናና ነበር" አሉ።