የአንዲት ፊደል ክፍተት

አሳዳጁ ንጉሥ በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ ምእመናን ከየጓዳው ወጥተው በግልጽ መጸለይ በጀመሩበት ወራት ነው። በጨርቅ አቅላሚዋ መበለት ቤት፣ ቀይና ሰማያዊ ክር በተሰቀለበት ግቢ፣ አንድ መጽሐፍ ገልባጭ በማኅበሩ ሽማግሌ ፊት ቆመ። ታላቅ ወንድሙ ሸማኔው በስደቱ ጊዜ ሰይፍ ፈርቶ ሃይማኖቱን ክዶ ነበር፤ ኋላ ተጸጽቶ ቢመለስም የንስሓ ዘመኑን ሳይጨርስ ሞተ። ስሙ በእሑድ ጸሎት ላይ ከሙታን ምእመናን ስም ጋር ይጠራ እንደሆነ ሽማግሌው ሊወስኑ ነው።

ሽማግሌው የአባቶች መልእክት የተጻፈበትን ብራና ገለጡ። «‹የወደቀውን የሚጠብቀው የእግዚአብሔር ዋጋ ነው› ይላል፤ ዋጋ ደግሞ ሥራውን ለፈጸመ ነው። ምን ላድርግልህ፣ ልጄ?»

ገልባጩ ክው አለ። «አባቴ፣ ‹ጸጋ› የሚል ይመስለኝ ነበር።»

«ይመስለኝ? ጽሕፈቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«የገለበጥክበት ዋናው መጽሐፍስ?»

«ወታደሮቹ አቃጠሉት።»

አቅላሚዋ እስከ ክንዷ በሰማያዊ ቀለም እንደተነከረች ሳቀች። «ጉድ ነው! አንተ ስትጽፍ ስላንቀላፋህ እኛ ገሃነም ልንወርድ ነው?»

እሱ ግን አላንቀላፋም ነበር። መልእክቱን የገለበጠው ወንድሙ በካደበት ሳምንት ነው፤ ብዕሩን በነከረ ቁጥር «የእጁን ያግኝ!» እያለ ነበር። ‹ዋጋ› ብሎ ያጻፈው መልእክቱ ነበር ወይስ ንዴቱ? ዛሬስ ‹ጸጋ› የሚለው ትዝታው ነው ወይስ ናፍቆቱ?

«ጸጋ እንደነበረ በእግዚአብሔር ፊት መስክር፤ ስሙን እጠራለሁ» አሉት ሽማግሌው።

ገልባጩ ራሱን ነቀነቀ። «አላውቅም፣ አባቴ። ብዋሽ ለወንድሜ ይጠቅመው ይሆን?»

«እንዴ!» አለች አቅላሚዋ፤ «ጸጋው ምስክር ተቆጥሮለት የሚሰጥ ከሆነማ፣ እሱም ያው ዋጋ ሆነ እኮ!»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳብሰው ብራናውን ለገልባጩ መለሱለት። እሑድ ግን የሸማኔውን ስም ጠሩ። ለምን ቢሏቸው «እኔም አልገባኝም» አሉ። ገልባጩ አለቀሰ፤ ለወንድሙ ይሁን ለራሱ አላወቀውም።

በማግስቱ ብራናውን ዘርግቶ «ዋ»ን በቢላዋ ፋቀ። «ጸ»ን ሊጽፍ ብዕሩን ቢያነሣ እጁ እምቢ አለው፤ «ጋ» ብቻዋን ቀረች።

ከብዙ ዘመን በኋላ ያንን ብራና የገለበጡ ሰዎች ክፍተቱን እንደየልባቸው ሞሉት፤ እኩሌቶቹ ዋጋ፣ እኩሌቶቹ ጸጋ አሉ። ሊቃውንትም በሁለቱ ቃላት እየተከራከሩ ስማቸውን አስጻፉ። የሸማኔውን ስም የመዘገበ ግን የለም።