የመሃሉ ወራት

«ሁለተኛው ዘፈን ሲጀመር መኪኖቹ ይገባሉ። ሜዳው በሁሉም በኩል ይዘጋል።»

ሐሚዳ ከበሮውን እንዳቀፈች የቀበሌው ዕቃ ቤት በር ላይ ቀጥ አለች። የሚናገረው የአብዮት ጥበቃው ግዛው ነው፤ የሚሰማው ደግሞ እሷ የምትዘፍንበት የኪነት ቡድን ኃላፊ ጓድ ዳኜ። ነገሩን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ለብሔራዊ ውትድርና ከቀበሌው የተጠየቀው ወጣት አልሞላም፤ እሑድ ላፍቶ ሜዳ ላይ ትርኢት አለ ከተባለ ደግሞ ቤቱ የሚቀር ወጣት የለም።

ዳኜ ዞር ሲል አያት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ሐሚዳ፣ እሑድ ወንድምሽን ይዘሽው ነይ እንጂ» አላት ፈገግ ብሎ። «የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ በኪሱ፣ ማን ይነካዋል?»

«እሺ ጓድ ዳኜ» አለች።

ወንድሟ ከድር ግን መታወቂያ የለውም።

ከድር ማቀድ ሲወድ ለጉድ ነው። ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ሶቪየት ኅብረት፣ ኦዴሳ ሄዶ የመማር ዕድል ደረሰው፤ ከዚያ በኋላ መቼ ልሂድ እያለ ቤቱን ሁሉ አሰለቸ። እናታቸው ከድጃ «ዲግሪህን ያዝና ሂድ» ስትለው፣ «እማ፣ እዚያ እኮ ከሀ ነው የሚያስጀምሩኝ። እዚህ ጨርሼ ከሄድኩ ሸበትኩ በቃ!» ይላል። አብሮት የሚሄደው ጓደኛው ሸምሱም በዚሁ ሐሳብ ተስማማ። መስከረም ላይ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲውን ለቀቁ፤ መታወቂያቸውንም መለሱ። ብዙ ሳይቆይ ጉዞው ወደ ጥር ተላለፈ ተባለ። የሚሄዱበትን ዓመት እንደዚያ ሲያሰሉ የከረሙት ልጆች የመሃሉን ወራት አላሰቡም ነበር። አሁን ተማሪም አይደሉም፣ ተጓዥም አይደሉም። ግዛው የሚፈልጋቸው ዓይነት ወጣቶች ናቸው።

ሐሚዳ ቤት ስትደርስ ከድር የሩሲያኛ ፊደል ያጠናል። የሰማችውን በጆሮው ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሸምሱስ?» አለ።

«በሩን አንኳኩቼ ነው የመጣሁት። ጎረቤቶቹ መርካቶ አክስቱ ጋ ነው አሉኝ፤ ቤቷን ግን አያውቁትም።»

«መልእክት እንተውለት።»

«ከአፍ አፍ ሲዞር ዳኜ ጋ ቢደርስስ? አንተ ሂድ፤ እኔ እነግረዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ከድር ወተት ወደምታመጣላቸው ወደ እትዬ ጫልቱ ቤት፣ ከከተማው ወጣ ወዳለው ፉሪ በእግሩ ሄደ። ከድጃ ልጇን እስከ አጥሩ ሸኝታ ተመለሰች፤ ሐሚዳንም ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺም ነገ ትቀሪያለሽ።»

«ከቀረሁማ ማን እንደተናገረ ያውቃሉ፣ እማ። እሱን ፍለጋ እዚሁ ነው የሚመጡት።»

እናቷ ክንዷን ለቀቀቻት። ሐሚዳ ያን ቀን የሸምሱን በር ደጋግማ አንኳኳች። የሚከፍት አልነበረም።

እሑድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ካኪዋን ለብሳ ወደ መድረኩ ስትወጣ ዳኜ ጠበቃት።

«ወንድምሽስ?»

«እየመጣ ነው።»

ውሸቱ ሳያደናቅፋት ወጣ። እሷንም ገረማት።

የመጀመሪያውን ዘፈን አጋምሳ ሳለ ሸምሱን አየችው። የክት ሸሚዙን ለብሶ፣ ከፊት ቆሞ «ሐሚ! ሐሚ!» እያለ ያጨበጭባል። ሊያያት ብሎ ከመርካቶ በቀጥታ መምጣቱ ነው። በዐይኗ መውጫውን አሳየችው። አልገባውም፤ እሱም መልሶ ጠቀሳት። ከሜዳው ጀርባ የከባድ መኪና ሞተር ተነሣ። ሰው ሁሉ ዘፈኑን ነበር የሚሰማው።

ዘፈኑ አለቀ። ግዛው ከጥግ ሆኖ ወደ መድረኩ ያያል።

«ቀጣዩን!» አለ ዳኜ ከሥር።

ከበሮ መቺው እጁን አንሥቶ ሐሚዳን ጠበቀ። ሁለተኛው ዘፈን ካልተጀመረ መኪኖቹ አይገቡም። ከድር ፉሪ ነው፤ ለእሱ የሚሆነውን አድርጋለች። ዐይኗን ጨፍና ቀጣዩን ብትዘፍን ማንም ምንም አይላትም።

ማይክሮፎኑን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ያንኑ የመጀመሪያውን ዘፈን እንደገና ከመነሻው ጀመረች፤ እየዘፈነች ከመድረኩ ወረደችና፣ ዳኜ እያያት፣ በእስክስታ ወደ ሸምሱ ጆሮ ተጠጋች።