ሦስተኛው ጥሪ

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም.፣ በኅዳር ወር፣ ጨረቃ ባልነበረባቸው ሦስት ሌሊቶች ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ ሰባት እስከ ዘጠኝ፣ ቦታው ከአንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥር ያለ መንደር። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም። ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸውና።

ከፋብሪካው ወደ መንደሩ የሚወርድ አንድ ቀጭን አቋራጭ መንገድ ነበር። በመንገዱ ጠርዝ፣ ፋብሪካው ድንጋይ አውጥቶ የተወው ጥልቅ ካባ አፉን ከፍቷል። አጥር የለውም፤ መብራት የለውም። ከመሸ በዚያ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ለምን? ከአራት ዓመት በፊት ቢያድግልኝ የሚባል የመንደሩ ልጅ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ከማታ ፈረቃ ብቻውን ሲመለስ እዚያ ካባ ውስጥ ወደቀ። ሁለት እግሩ ተሰበረ። ሲነጋ ሞቶ ተገኘ።

መንደሩ አቤቱታ ጻፈ። «የፋብሪካው ወፍጮ እንቅልፍ ነሥቶናል። ቢያድግልኝ ምናልባት ሲጣራ አድሯል፤ ወፍጮው ግን ጆሯችንን ደፍኖት አልሰማነውም። ሌሊት ሌሊት ይቁምልን» ይላል።

አቤቱታው ዓመታት ተንከባለለ። በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ላከ። አሥራደ ይባላል፤ ድምፅ የሚለካ ባለሙያ ነው። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ይለካል። ጩኸቱ ከተፈቀደው ወሰን በላይ ሆኖ ከተገኘ ወፍጮው ሌሊት ይቆማል፤ መንደሩ ይተኛል። ነገር ግን በለኪው ላይ አንድ ሕግ አለ። ውሻ ቢጮህ፣ ጅብ ቢያልፍ በሰዓቱ ይመዘግባል። እርሱ ራሱ ከመሣሪያው አጠገብ ቃል ካወጣ ግን የዚያ ሌሊት ልኬት ይሰረዛል። አንዱ ከተሰረዘ ሦስቱም ይወድቃሉ።

መሣሪያውን የተከለው በመንደሩ ጫፍ፣ እትዬ ዘርፌ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ዘርፌ መጥተው አዩት።

«ኢንጂነር፣ ጫጫታውን በምን ልትሰፍረው ነው? በቁና?»

«በቁጥር ነው፣ እትዬ።»

«እኛ ዘንድ ጎተራ ሙሉ ነው። ጆንያ ይዘህ ብትመጣ ይሻልህ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌሊት ስምህ ከተጠራ፣ ሦስተኛውን ሳትሰማ አቤት እንዳትል። ሰው ሦስቴ ይጣራል። ጋኔን ከሁለት አያልፍም።»

«እኔ ሦስቴም ብጠራ አቤት ማለት አልችልም። ሥራዬ ይበላሻል» አላቸው።

የመጀመሪያው ሌሊት መጣ። በሩ ሁሉ ተዘጋ። ወፍጮው እንደማያባራ ጎርፍ ይጮሃል። በዚያ ጩኸት መካከል ብቻውን የተቀመጠ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብቸኝነቱ ከዝምታ ይብሳል፤ የራሱን እስትንፋስ እንኳ አይሰማም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከአርባ ሲሆን ከካባው በኩል የሰው ድምፅ ተሰማ። «ገላዬ… ገላዬ…» ሁለቴ። ቀጥሎ፣ «አያሌው… አያሌው…» ሁለቴ። ከዚያ ሌላ ስም፤ ከዚያ ሌላ። የሚመልስ የለም። አሥራደ ቁጥሩን አየ። አምሳ ስምንት ነው፤ ከተፈቀደው ወሰን በላይ። ቅድም ውሻ ሲጮህ ወደ ስድሳ አራት ወጥቶ ነበር፤ አሁን ግን ንቅንቅ አላለም። በመዝገቡ ላይ ጻፈ፦ «7፡40። ሰው ተጣራ። ቁጥሩ አልተለወጠም።»

በሁለተኛው ሌሊት ድምፁ ቀረበ። አቋራጩን መንገድ ይዞ፣ ስም እየጠራ፣ ዝግ እያለ መጣ። ከአጥሩ ማዶ ቆመ። «ዘርፌ… ዘርፌ…» ከቤት ውስጥ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ። ሌላ ምንም።

ጠዋት ጠየቃቸው። «እትዬ፣ ሌሊት ማን ነው የጠራዎት?»

«ከሁለት አለፈ?»

«አላለፈም።»

«እንግዲያ ማንም አይደለም» ብለው ጓሯቸውን መኮትኮት ቀጠሉ።

ሦስተኛው ሌሊት ደረሰ። አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቷል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ምንም የለም። ስምንት ከሩብ ሆነ፤ ምንም የለም። ልክ ስምንት ከሃያ ላይ፣ ከአጥሩ ማዶ፣

«አሥራደ…»

በዚያ መንደር ስሙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም «ኢንጂነር» ነበር የሚሉት። እርሳሱን ጨበጠ።

«አሥራደ…» ይኸኛው ከአጥሩ ወዲህ ነው።

ጠበቀ። ከሁለት አያልፍም፣ አይደል? ወፍጮው ይጮሃል። ቁጥሩ አምሳ ስምንት ነው።

«አሥራደ…»

ሦስተኛው ከጀርባው መጣ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሥራውን አሰበ። መንደሩን አሰበ። ነገር ግን ያ የሚያስፈራራ ሰው ድምፅ አልነበረም። ለብዙ ጊዜ ተጣርቶ መልስ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር።

«አቤት» አለ።

ዞረ። ማንም የለም።

«ሰማኸኝ?» አለ ድምፁ፣ ከእግሩ ሥር።

ቁልቁል አየ። አንድ ሰው በደረቱ ተኝቷል። ከፀጉሩ እስከ ወገቡ የድንጋይ ብናኝ አልብሶት ነጭ ሆኗል። በክርኖቹ ተስቦ ነው የመጣው፤ እግሮቹ ከኋላው ተጥለዋል።

«ሰማሁህ» አለ አሥራደ።

«ያ ዕቃህስ ሰማኝ?»

አሥራደ መሣሪያውን አየ። የገዛ ቃሉ ቁጥሩን ሰባ አድርሶት ነበር። የዚያኛው ድምፅ ግን ቅንጣት አላነቃነቀውም። መዋሸት አልሆነለትም።

«አልሰማህም።»

«እንግዲያ አልጮህኩም ማለት ነው?»

አሥራደ ወደ እርሱ ጎንበስ አለ። «ጮኸሃል» አለ። «እኔ ሰምቻለሁ።»

ሰውየው ጉንጩን መሬት ላይ አሳረፈ፤ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው። ከዚያ አልነበረም።

በመሥሪያ ቤቱ መዝገቡ ተገለጠ። «ስምንት ከሃያ ላይ ይህ ምንድን ነው?» አሉት። «የእኔ ድምፅ ነው» አለ። «ከማን ጋር ታወራ ነበር?» «ከጠራኝ ሰው ጋር።» «የእርሱ ድምፅ የታለ?» አሥራደ የሚያሳየው አልነበረውም። ያችን የስምንት ከሃያ መስመር አስቀድሞ ቢፍቃት ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር፤ አልፋቃትም። ሦስቱም ሌሊቶች ወደቁ። ወፍጮው ሌላ ሁለት ዓመት ሌሊቱን ሲጮህ ኖረ።

ውጤቱን ለመንደሩ ሊነግር ራሱ ሄደ። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ድንጋይም ጠብቆ ነበር። የሆነውን ሁሉ ሲነግራቸው እትዬ ዘርፌ ብቻ ጠየቁ።

«ሦስቴ ጠራህ?»

«ሦስቴ።»

«አቤት አልከው?»

«አልኩት።»

ሁሉም ራሳቸውን አቀረቀሩ። እንቅልፋቸውን አጥፍቶባቸው ሳለ፣ አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረውም። ለምን እንደ ሆነ አልገባውም።

እዚህ ላይ «ሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ» ብዬ ብሰናበታችሁ ደግ ነበር። ነገር ግን አሥራደ በ2006 ዓ.ም. ለሌላ ሥራ በዚያ ሲያልፍ እትዬ ዘርፌን አገኛቸው። ወፍጮው ሌሊት መሥራት ካቆመ ቆይቷል።

«አሁንስ ተኛችሁ፣ እትዬ?»

«አልተኛንም» አሉት። «ቢያድግልኝ ካባው ውስጥ የወደቀ ሌሊት ሁላችንም ሰምተነዋል። እርሱ ግን ከወፍጮው የተነሣ ያልሰማነው መሰለው። አንዱን ሁለቴ ይጠራና ወደሚቀጥለው ስም ያልፍ ነበር። አርባ አንድ ቤት ጠራ። እያንዳንዳችን ሦስተኛውን ስንጠብቅ ነጋ።»