ንጉሡ በር ላይ ሲጠብቅ

«አባባ፣ ሆን ብሎ ነው እኮ የሚያዘገየን!» አሳየሽ መጽሐፍ ቅዱሱን እንደያዘች ከጓሮ ሮጣ ገባች። «እያወቀ ነው እንዲህ የሚያደርገን!»

«ማነው እሱ?» አለ አባቷ ባዳቾ በሹክሹክታ።

ጉንፋን ድምፁን ዘግቶበት ጉሮሮውን በነጠላ ጠቅልሎ ተቀምጧል። በሁምቦ መንገድ ባለችው ጸሎት ቤት አሥር ዓመት ሙሉ አማርኛውን እያነበበ ወደ ወላይትኛ የሚተረጉመው እሱ ነበር። ነገ እሑድ የሚነበበው ደግሞ የዳዊትና የልጁ የአቤሴሎም ታሪክ ነው። አማርኛ የሚያነብ ሌላ ሰው ስለጠፋ፣ የሰባተኛ ክፍሏ አሳየሽ እንድትተካው ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ ፈቅደዋል። ደህና ከሠራች ወደፊትም ታነባለች። ካበላሸች ግን አበቃ፤ ሁለተኛ እዚያ አትቆምም።

«ጸሐፊው ነዋ! ተመልከት፣ አቤሴሎም ጦርነቱ ላይ ሞቷል። እኛ እናውቃለን፣ አባቱ ግን አያውቅም። ከተማው በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ዘበኛው ከላይ ሆኖ አንድ ሯጭ ያያል፣ ከዚያ ሌላ። የመጀመሪያው ሲደርስ የሚያወራው ስለ ድሉ ነው። ልጁስ ሲባል ‹ግርግር አይቻለሁ፣ ነገሩን ግን አላወቅሁም› ይላል። ውሸቱን እኮ ነው፣ አባባ! ፈርቶ ነው! አጎቴ ቦልቴ የሞተ ጊዜ መርዶ ይዞ የመጣው ሰውዬ መጀመሪያ ስለ በቆሎው አይደል የጠየቀህ?»

ባዳቾ ጉሮሮው ላይ ያለውን ነጠላ አጠበቀ።

«ሩጫው ገለባ ነው» አለ። «እኔ ሁሌም ‹መጥተው ነገሩት፣ አለቀሰ› ብዬ ነው የማልፈው። ሰው የሚፈልገው ፍሬውን ነው። የእግዚአብሔርን ቃል ተረት እንዳታስመስይብኝ!»

«ጋሽ ሐብተማርያም ግን፣ ታሪክ ስታነቡ ‹ምን ሆነ› ብቻ ሳይሆን ‹ለምን እንዲህ ተነገረ› በሉ ብለውናል።»

«አማርኛ አስተማሪሽ ጸሎት ቤታችን አይመጡም» አለ ባዳቾ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

በማግስቱ ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አሳየሽ አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ታነባለች፣ ወዲያው በወላይትኛ ትደግመዋለች። የከተማው በር ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አባቷን አየች። ባዳቾ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ሆኖ እጁን ወዘወዘ፤ እለፊው ማለቱ ነው። አባቷን በሰው ፊት እምቢ ብላው አታውቅም። ግን ደግሞ ንጉሡን እንዲያው ዘልለው ሊያልፉት ነው? እንዴት ተደርጎ!

ዓይኗን ከአባቷ ነቅላ ወደ ገጹ መለሰች።

«ዘበኛው ቀና ብሎ አየ» አለች። «አንድ ሰው ብቻውን እየሮጠ ይመጣል።»

ሲያንሾካሹኩ የነበሩት ልጆች ዝም አሉ። የመጀመሪያው ሯጭ ደርሶ ነገሩን ሲሸፋፍን ብርቄ የምትባል ባልቴት «ወይኔ፣ ፈራ!» አለች ጮክ ብላ። የአሳየሽ ልብ በደስታ ዘለለ። ገባቸው! ማንም ሳያስረዳቸው ገባቸው!

ባዳቾ አሁን ከመቀመጫው ግማሽ ተነሥቶ በሁለት እጁ ያጣድፋት ጀመር። ያኔ ጋሽ ጩማ ብድግ አሉ። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ አጥብቀው የተቃወሟት እሳቸው ነበሩ። አሳየሽ አለቀልኝ አለች።

«ባዳቾ፣ እጅህን አውርድ!»

«ጋሼ፣ የልጁን መሞት እኮ ያውቁታል» አለ ባዳቾ በተዘጋ ድምፁ።

«እኔማ አውቃለሁ! ያላወቀው እሱ ነው!» ጋሽ ጩማ በከዘራቸው ወደ መጽሐፉ ጠቆሙ። «አባት አይደለህም እንዴ? አታስቸኩላት!»

ባዳቾ ተቀመጠ። ለአሥር ዓመት እየዘለለ ያለፈውን ታሪክ፣ አሁን አንገቱን አስግጎ እንደ ሰዉ ሁሉ ይጠብቅ ነበር።

አሳየሽ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ ሁለተኛውን ሯጭ አመጣችው።