እንግዶቹ እስኪሄዱ

ግንቦት ሁለት ቀን የሰመራው ትምህርት ቤት መጻሕፍት ለዓመታት ከተቆለፈባቸው ኮንቴይነር ወጥተው በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በክፍት መደርደሪያ ተደረደሩ። ለውጡን ያመጣችው መምህርት ሙጂባ ናት፤ በሚያዝያ ወር ጅቡቲ ተልካ አራት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን ጎብኝታ ነበር። ግንቦት አሥራ አራት፣ ሐሙስ፣ የጅቡቲ መምህራን ጉብኝቱን ሊመልሱ መጡ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አቶ ሸዋንግዛው በዚያው ኮንቴይነር ውስጥ በሙቀት ታፍነው ሞተው ተገኙ።

ጥበቃው ኢስማኤል ታሰረ። የኮንቴይነሩ ቁልፍ የሚኖረው በእርሱ ኪስ ነው። እንግዶቹ ሳይመጡ ኮንቴይነሩ ስለመታሸጉ የተጻፈው ቃለ ጉባኤም «ከጠዋቱ 2፡45 ጥበቃው ውስጡን አይቶ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ ቆልፏል» ይላል፤ ከሥሩ የርዕሰ መምህሩ ፊርማና የጥበቃው የጣት አሻራ አለ። አውቆ ቆልፎባቸዋል ተብሎ ሰኞ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

ጉዳዩን እንድትመረምር የታዘዘችው ኢንስፔክተር አስረሳች ከአዋሽ ነበር የምትነሣው። የሟቹ ቤተሰብ እዚያው በመሆኑ አስቀድማ ለቅሶ ቤት ገባች።

«አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ነበር» አለቻት ባለቤታቸው እናትነሽ። «ነጭ። ‹የፈረንጅ አፍ ባልችልም እጄን ታጥቤ እጨብጣቸዋለሁ› ብሎኝ በስልክ ተሳሳቅን።»

ኢንስፔክተሯ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰመራ ደርሳ በቀጥታ ወደ ኮንቴይነሩ ሄደች። በሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያረፈበት «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የውስጡ ሙቀት ከአምስት ደቂቃ በላይ አላስቆማትም። በጎኑ በብየዳ የተከፈተች መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ከቀዳዳዋ ሥር የተቀደዱ ዐሥራ ሁለት መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ዐሥራ አንዱ ጀርባቸው በጨርቅ ቁራጭ ተሰፍቷል። እንዲጫናቸው የጎማ መፍቻ ብረት ተደርጎባቸዋል። አቶ ሸዋንግዛው ሃያ ዓመት የከባድ መኪና ረዳት ነበሩ። ግራ እጃቸው ከተጨፈለቀ በኋላ ነው «ቀላል ሥራ ይሰጠው» ተብሎ ቤተ መጻሕፍት የተመደቡት።

ብረቱን አንሥታ የኮንቴይነሩን ግድግዳ አንድ ጊዜ መታችው። አስፋልት ላይ የሚሄዱ ሰዎች ዘወር ብለው አዩ።

ኢስማኤልን በፖሊስ ጣቢያ አነጋገረችው።

«ሐሙስ ጠዋት የት ነበርክ?»

«አስፋልቱ ዳር ባነር ስሰቅል። ማን ያምነኛል?»

«አሻራህስ?»

«ረቡዕ ነው ያተሙኝ። ‹እዚህ ጋ› አሉኝ፣ አተምኩ። የአማርኛ ወረቀት ላይ ስንቴ አትሜያለሁ፤ ምን ይላል ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

«ከሟቹ ጋር ትጣላላችሁ ይባላል።»

«ከጋሽ ሸዋ ጋር? አላህ ይርሐመው፣ ቁልፌን ደብቆ ‹ፈልግ› ይለኛል። እሱ ጠብ ከሆነ በየቀኑ ተጣልተናል።»

«ባነሩን ሰቅለህ ስትመለስ ድምፅ ሰማህ?»

«በሩ ተቆልፎ አገኘሁት። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ምንም አልሰማሁም።»

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሐብታሙ በቢሯቸው ተቀበሏት።

«ከአዋሽ ድረስ መድከም አልነበረብዎትም። ነገሩ በወረቀት ያለቀ ነው።»

«ወረቀቱ መቼ ተጻፈ?»

«በዕለቱ፣ በሰዓቱ።»

«አቶ ሸዋንግዛው እንግዳ ሊቀበሉ አልወጡም?»

«እሱማ ፈቃድ ወስዷል ተባልኩ። መምህርት ሙጂባ ነች የነገረችኝ።»

ሙጂባ የክፍሏን በር ዘግታ ፈተና ስታርም አገኘቻት።

«ሐሙስ ዕለት አላየኋቸውም» አለች ሙጂባ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል።

«ከመደርደሪያ የተነሡት የተቀደዱ መጻሕፍትስ?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ራሴ አነሣኋቸው። መምህራን ማረፊያ ነው ያኖርኳቸው፤ እንግዶቹ እንዳያዩ።»

«ጅቡቲ የተቀደደ መጽሐፍ የለም?»

ሙጂባ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች። «አለ። ልጆቹ በጨርቅ እየሰፉ መልሰው ይደረድሩታል።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ተሰበሰቡ። ኢስማኤልም በፖሊስ ታጅቦ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«ከቃለ ጉባኤው ልጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «በ2፡45 ኢስማኤል ቆለፈ ይላል። በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ በ2፡47 የተለጠፈ ፎቶ አለ። ኢስማኤል አስፋልቱ ዳር መሰላል ላይ ቆሞ ባነር ይሰቅላል። አስፋልቱ ከኮንቴይነሩ በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ፎቶውን ያነሡት እርስዎ ነዎት፣ መምህርት።»

ሙጂባ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ስለዚህ ወረቀቱ ያልሆነውን ይናገራል፤ ሊሆን የታሰበውንም ረቡዕ ዕለት ጽፎታል። ቁልፉም ማስረጃ አይሆንም፤ ጓጉንቸሩ ለመክፈት እንጂ ለመዝጋት ቁልፍ አይፈልግም። አቶ ሐብታሙ፣ በሩ ላይ ‹ታሽጓል› የሚለውን ወረቀት የለጠፈው ማን ነው? ማኅተሙ ከእርስዎ እጅ አይወጣም።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ። ጠጋ አድርጌ ዘጋሁት። ውስጡን አላየሁም፤ ታይቷል ተብሎ ተፈርሞ ነበር።»

«የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

«አዎን።»

«ይህ በሩን ማን እንደዘጋው ይነግረናል። አቶ ሸዋንግዛው ለምን ዝም እንዳሉ ግን አይነግረንም። ብረት በእጃቸው ነበር፤ አንድ ምት አስፋልት ድረስ ይሰማል። ቀዳዳውም አለ፤ ኢስማኤል ደግሞ ከውጭ ተቀምጧል። ራሳቸውን ስተው ነው እንዳንል ዐሥራ አንድ መጽሐፍ ሰፍተዋል። ከውስጥ ያልመታ ሰው ዝም በል የተባለ ሰው ነው። እንግዳ ሊጨብጥ ነጭ ሸሚዝ የገዛ ሰውም በገዛ ፈቃዱ ኮንቴይነር አይገባም።»

«ማን አስገባው ታዲያ?» አሉ አቶ ሐብታሙ።

«የተሰፉት መጻሕፍት በሁለት ሰዓት ገና መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ያነሣቻቸው መምህርት ሙጂባ ናት፤ መምህራን ማረፊያ አኖርኳቸው ብትልም የተገኙት ኮንቴይነሩ ውስጥ ነው፤ አሰፋፉንም ጅቡቲ ያየች እርሷ ብቻ ናት። ምክንያቱ እዚህ አለ።» የእንግዶቹን መዝገብ ገለጠች። «ፈረንሳይኛውን አስተርጉሜዋለሁ። ‹ዲፕሎማ ያላትን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያችሁን ባለማግኘታችን አዝነናል።› ይህ ትምህርት ቤት ከአቶ ሸዋንግዛው ሌላ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኖሮት አያውቅም።»

ሙጂባ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«እዚያ ሁሉም የሠለጠኑ ናቸው። ‹የእናንተስ?› ሲሉኝ በጣቱ መስመር እየተከተለ የሚያነብ፣ እጁ የተጎዳ ረዳት ነው ማለት አፈርኩ። ዲፕሎማ ያላት ሴት አለችን አልኩ። እንግዶቹ ሲመጡ ውሸቴ ሊገለጥ ሆነ። መጻሕፍቱን ሰጥቻቸው ‹እንግዶቹ እስኪሄዱ እዚህ ይቆዩልኝ፣ ድምፅዎ እንዳይሰማ› አልኳቸው። ‹እሺ ልጄ› አሉኝ። ሸሚዛቸውን አይቼዋለሁ። በሩን ክፍት ነው የተውኩት። ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ከእንግዶቹ ጋር ምሳ ላይ ሳለሁ ሞታቸውን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ መናገር አቃተኝ።»

«በሩ ሲዘጋ እርስዎ ያስዘጉት መሰላቸው» አለች ኢንስፔክተሯ። «እንግዶቹ በሦስት ሰዓት ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። መንገድ ላይ፣ ሰርዶ ከተማ፣ ጎማ ፈንድቶባቸው በስድስት ሰዓት ደረሱ። አቶ ሸዋንግዛው ገና ያልመጡ እንግዶች እንዳይሰሟቸው ዝም ብለው ቆዩ።»

«ኮንቴይነሩን በጀርባዬ ተደግፌው ነበር» አለ ኢስማኤል፣ ለማንም ሳይሆን።

ሙጂባ ወደ እርሱ ዞረች፤ ቀና ብላ ግን ልታየው አልቻለችም። «ፎቶው ስልኬ ላይ ነበር» አለችው። «ሦስት ቀን።»

ኢስማኤል ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ከደነችው።

«ኢስማኤል አሁኑኑ ይፈታል። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት የሚቀርቡት አቶ ሐብታሙና መምህርት ሙጂባ ናቸው።»