ያልረጠበው የጥርስ ብሩሽ

ሕፃኑ በሰባት ወሩ ተወልዶ ዓይኑን በወጉ ሳይገልጥ ሞተ። የአባቱ እናት ከቀብር እንደተመለሱ ፖሊስ ጠሩ። «ምራቴ ክኒን ውጣ አስወርዳዋለች፤ ትታሰርልኝ» አሉ።

ባልደረቦቹ «ወስፌ» የሚሉት መርማሪ መጣ። ከቀብር በኋላ ፖሊስ መጥራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ወስፌ ግን አንዴ ከተጠራ ሳይወጋ አይመለስም።

አራሷ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። ጉንጯ አብጧል፤ ገምጣ የተወችው ዳቦ ላይ ደም አለ።

«ክኒኑ የምን ነበር?»

«የጥርስ ማስታገሻ። እህትዬ ናት የሰጠችኝ።»

እህትዬ የባሏ እህት ናት፤ ጥርስ ክሊኒክ ነው የምትሠራው።

አማቲቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እኛስ አልወለድንም? እርጉዝ ድዷ ይደማል፤ ያለ ነው።»

ባልየው አንገቱን ደፋ። «ሐኪም ጋ ልወስዳት ነበር። እህቴ እያለች ምን አስኬደኝ ብዬ ተውኩት።»

ወስፌ እጁን ሊታጠብ ገባ። ብርጭቆ ውስጥ አራት የጥርስ ብሩሾች ቆመዋል። የሦስቱ ፀጉር ተንጨባሯል፤ አራተኛው አቧራ ለብሶ ቀጥ ብሏል። ከዚያ ወጥቶ እህትዬ የምትሠራበት ክሊኒክ ሄደና እንደ በሽተኛ ወረፋ ያዘ።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ።

«ያዋለዳትን ሐኪም ጠየቅሁ። የሚያስወርድ መድኃኒት ደሟ ውስጥ አልተገኘም። የተገኘው ከድዷ የተነሳ ኢንፌክሽን ነው። የታመመ ድድ ምጥን ያለ ጊዜው ሊያመጣ ይችላል አለኝ። ይችላል ነው ያለኝ፤ ያመጣል አላለም።» ወደ አራሷ ዞረ። «ብሩሹን ለምን ተውሽው?»

«የሚደማው የልጁ ደም ነው፣ አትንኪው፤ እርጉዝ ጥርሷን አትታከምም ተባልኩ።»

«ማን አለሽ?»

ዓይኗ እህትዬ ላይ ዐረፈ።

«እኔስ እማማን ነበር የጠረጠርኩት» አለ ወስፌ። «እሳቸው ግን ባለማወቅ ነው። አንቺ ትናንት ዓይኔ እያየ የአንዷን እርጉዝ ድድ ጠርገሽ፣ ‹ከደማሽ ቶሎ ነይ፤ ልጁ ያለ ቀኑ እንዳይመጣ› አልሻት። ለባዕድ ሆድ ያወቅሽውን ለወንድምሽ ልጅ ምነው ረሳሽው?»

እህትዬ ፈገግ አለች። «እኔ ስንቴ ሲጨነግፍብኝ ማን አለቀሰልኝ? እሷን ገና ሲያቅለሸልሻት ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ደግሞስ ምክር ነው የሰጠሁት። በምክር ማን ታስሮ ያውቃል?»

ወስፌ ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። ልክ መሆኗን ያውቃል።

«ምራትዎ ንጹሕ ናት፣ እማማ» አለ።

አማቲቱ ተነሱ። ሴት ልጃቸውን ሊያንቁ ነው ሲባል፣ የምራታቸውን ሻንጣ አውጥተው በሩ ላይ አስቀመጡ።

«የሞተው ሞቷል። በአንቺ የተነሳ የወለድኳትን አላጣም፤ ሂጂልኝ።»

ባልየው ጫማውን ያያል።

አራሷ ገብታ አቧራ የለበሰውን ብሩሽ ይዛ ወጣች።

«ጋሼ፣ በመንገድዎ የጥርስ ሐኪም ካለ ያድርሱኝ» አለች። «ድዴ አሁንም ይደማል።»